ዝም ያለው የዳኛ ሰዓትና 350 ሜትር የጨመረው የጓደኛዬ ሰዓት

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በኮሮና ምክንያት ለወራት ተቋርጦ እ.ኤ.አ ጁን 17 ቀን 2020 ሲመለስ የመጀመሪያው ጨዋታ አስቶን ቪላና ሼፊልድ ዩናይትድ ያደረጉት ነበር፡፡ ቪላ ፓርክ ባዶ ነው፡፡ ኦሊቨር ኖርውድ ያሻማውን ቅጣት ምት የቪላው ግብ ጠባቂ ኦርያን ኒላንድ ያዘውና ከራሱ ቡድን ተጫዋች ጋር ተጋጭቶ ወደኋላ ተንገዳገደ፡፡ ኳሷን እንደታቀፈም ከመስመሩ አልፎ ወደ መረቡ ገባ፡፡ ቤቱ ቁጭ ብሎ በቴሌቪዥን የሚከታተል ሁሉ አየ፡፡ የሼፊልድ ተጫዋቾች ጮኹ፡፡ ዳኛው ማይክል ኦሊቨር ግን ግቡን አላጸደቁም፡፡ ምክንያቱም እጃቸው ላይ ያሰሩት ሰዓት አልነዘረም!

ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ፡፡ ቪላ በዚያ የውድድር ዘመን በ35 ነጥብ ከመውረድ ሲተርፍ በርንማውዝና ዋትፎርድ በ34 ነጥብ ወረዱ፡፡ ያቺ አንድ ነጥብ ከየት እንደመጣች የበርንማውዝ ደጋፊ እስካሁን አይረሳም፡፡ የጎል መስመር ቴክኖሎጂውን የሚያንቀሳቅሰው ሆክ-አይ ይቅርታ ጠየቀ፡፡ የሰጠው ምክንያትም ግቡን የሚከታተሉት ሰባቱም ካሜራዎች በግብ ጠባቂው፣ በተከላካዩና በግቡ ቋሚ ተጋርደው ነበር የሚል ነው፡፡ ልብ በሉ፤ የዳኛው ሰዓት ራሱ ምንም አያይም፡፡ ካሜራው ያየውን ተቀብሎ የሚናገር መልእክተኛ ነው፡፡ ካሜራው ሲታወር መልእክተኛውም ዝም አለ፡፡

ይህን የቆየ ታሪክ ያነሳሁት ስለ ቪላ ልጽፍ ፈልጌ አይደለም፡፡ ሰሞኑን ሌላ ሰዓት ገጥሞኛል፡፡ የዳኛው ሰዓት ማየት ያለበትን ሳያይ ዝም ሲል የኔ ጓደኛ ሰዓት ደግሞ ያላየውን ያወራል፡፡

ጓደኛዬ የሰፈራችን ቡድን የቀኝ መስመር ተመላላሽ ነው፡፡ ነበር ልበል? አምና እሁድ ጠዋት በሚደረግ ጨዋታ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ኦፕራሲዮን ተደረገ፡፡ ጉልበት የተጎዳ ሰው የሚያውቀው ነው፤ ከኦፕራሲዮኑ ይልቅ የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው፡፡ ፊዚዮቴራፒስቱ በዋና እንዲጀምር አዘዘው፡፡ የደረት ቀዘፋ እንዳይሞክር (እግር ወደ ውጭ እየተወረወረ ጉልበት ስለሚጠመዘዝ) ከለከለውና፣ በነጻ ቀዘፋ ከ400 ሜትር ተነስቶ ቀስ በቀስ እንዲጨምር ነገረው፡፡ 1000 ሜትር ያለ ህመምና ያለ እብጠት በሳምንት ሦስት ቀን መዋኘት ሲችል ስለ ሩጫ ይነጋገራሉ፡፡ ከሩጫ በኋላ ኳስ፡፡ ስምምነቱ ይኸው ነው፡፡

ታዲያ ልጁ ሜትር የሚቆጥርለት ስማርት ሰዓት ገዛ፡፡ የት ገዛህ ስለው የአንድ ሱቅ ስም ጠራልኝ፡፡ ሻጩ "ውሃ አይገባውም፣ ዋና ይቆጥራል፣ ሁሉን ያደርጋል" ብሎታል፡፡ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደወለልኝ፡፡

"አንተ፣ 1150 ገባሁ እኮ!"

"ሜትር?"

"አዎ! እሁድ እሰለፋለሁ፤ ለአሰልጣኙ ንገርልኝ፡፡"

አሰልጣኛችን ሰፈር ውስጥ ቢሆንም አሰልጣኝ ነው፤ ያለ ማስረጃ አያሰልፍም፡፡ እኔም ለዚህ ገጽ የሚሆን ወሬ ሸተተኝና ቅዳሜ ጠዋት አብሬው ወደ ገንዳው ሄድኩ፡፡ እሱ ሲዋኝ እኔ ዳር ላይ ቁጭ ብዬ በመግቢያ ትኬቱ ጀርባ ላይ መስመር እያሰመርኩ ቆጠርኩ፡፡ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንድ ጉዞ፣ አንድ መስመር፡፡ በአምስተኛው ላይ ማቋረጫ፡፡ ልክ እንደ ካርታ ጨዋታ ነጥብ አያያዝ፡፡

ጨርሶ ሲወጣ የኔ ትኬት 40 ጉዞ ይላል፡፡ የሱ ሰዓት 46 ጉዞ፣ 1150 ሜትር ይላል፡፡

ተከራከርን፡፡ እሱ "ማሽን ይሳሳታል?" አለ፡፡ እኔ ስለ ቪላ ፓርክ ነገርኩት፤ እሱ የሚደግፈው ሌላ ክለብ ስለሆነ ብዙም አልገረመውም፡፡ ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፡፡ 1150 ለ46 ሲካፈል 25 ነው፡፡ ሰዓቱ ገንዳውን 25 ሜትር ነው ብሎ ይዟል፡፡ ነው እንዴ? የገንዳውን ጠባቂ ጠየቅነው፡፡ "25 ነው የሚሉት" አለን፤ እነማን እንደሚሉት ግን አልነገረንም፡፡ ገንዳው አጠገብ የጥገና ሥራ የሚሠሩ ግንበኞች ነበሩና ሜትራቸውን ለምነን ለካን፡፡ 20 ሜትር፡፡ ጓደኛዬ ሜትሩን ከእጄ ቀምቶ እንደገና ለካው፡፡ አሁንም 20፡፡

40 ጉዞ በ20 ሜትር፣ 800 ሜትር፡፡ ሰዓቱ 350 ሜትር ጨምሮለታል ማለት ነው፡፡ 200ው ከገንዳው ርዝመት፣ 150ው ደግሞ ከስድስት የውሸት ጉዞዎች የመጣ ነው፡፡ ከሱቅ ወጥቶ ጥቂት ሳምንት ያልሞላው ሰዓት ልጁን ባልዳነ ጉልበት ለእሁድ ሊያሰልፈው ነበር!

ሰዓቱ እንዴት ነው የሚቆጥረው?

ብዙ ሰው ስማርት ሰዓት ርቀት የሚለካው በሳተላይት ይመስለዋል፡፡ ኳስ ተጫዋቾች ከማልያቸው ስር በሚለብሱት ሰደርያ ውስጥ፣ ከጀርባቸው በላይ የምትታየው ትንሽ ዕቃ ጂፒኤስ አላት፤ ሜዳ ላይ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጡ በሳተላይት ትከታተላለች፡፡ የኳስ ሕግ አውጪዎቹ በይፋዊ ጨዋታ ላይ እንድትለበስ የፈቀዱት እ.ኤ.አ በ2015 ነው፡፡ ሜዳ ላይ ይሠራል፡፡ ውሃ ውስጥ ግን የሳተላይት ምልክት አያልፍም፡፡ እጅ ውሃ ውስጥ በገባ ቁጥር ሰዓቱ ሳተላይቱን ያጣዋል፡፡ ሐይቅና ባሕር ላይ ለመዋኘት የተዘጋጀው አሠራር እጅ ከውሃ ብቅ በሚልባት ቅጽበት ምልክት እየለቀመ መንገዱን ይገጣጥማል፡፡ በገንዳ ግን በ20ና በ25 ሜትር መመላለስ ስለሆነ ይህም አያዋጣም፡፡

ስለዚህ ሰዓቱ ገንዳ ውስጥ የሚሠራው በግምት ነው፡፡ ውስጡ የእጅን እንቅስቃሴና መዞር የሚለኩ ጥቃቅን መሣሪያዎች (አክስለሮሜትርና ጋይሮስኮፕ የሚባሉት) አሉ፡፡ እጅ ሲቀዝፍ የሚደጋገም ምት አለው፤ ሰዓቱ ያውቀዋል፡፡ ዋናተኛው ግድግዳ ጋ ደርሶ ሲዞርና ግድግዳውን በእግሩ ገፍቶ ሲንሸራተት ምቱ ይቋረጥና እንደገና ይጀምራል፡፡ ሰዓቱ "አሃ፣ ግድግዳ ነው፤ አንድ ጉዞ አለቀ" ይላል፡፡ ከዚያ የጉዞዎቹን ቁጥር ባለቤቱ በነገረው የገንዳ ርዝመት ያባዛል፡፡ አለቀ፡፡ ይህ ነው ምስጢሩ ሁሉ፡፡ ግድግዳውን አላየውም፤ ገንዳውንም አልለካውም፡፡

የጓደኛዬ ስድስት የውሸት ጉዞዎች የመጡት ከዚህ ነው፡፡ የቅዳሜ ገንዳ ምን እንደሚመስል የምታውቁት ታውቁታላችሁ፡፡ ልጆች ኳስ ይወራወራሉ፣ አንዱ መሀል ላይ ቆሞ ያወራል፣ ሌላው ከጎን ዘሎ ይገባል፡፡ ጓደኛዬ መሀል ላይ እየቆመ አሳልፎ፣ ወለሉን ገፍቶ እንደገና ይቀጥል ነበር፡፡ ለሰዓቱ ይህ ግድግዳ ነው፡፡

ስህተቱ ወደ ማሳነስም ሊሄድ ይችላል፡፡ መንሳፈፊያ ሰሌዳ ይዞ በእግር ብቻ የሚዋኝ ሰው እጁ ስለማይንቀሳቀስ ብዙ ሰዓቶች የዋኘ አይመስላቸውም፡፡ ለኛ ለኳስ ሰዎች ደግሞ የእግር ልምምዱ ዋናው ነው፡፡ አፕል ሰሌዳ ይዞ መዋኘትን የሚለየውን አሠራር ያመጣው እ.ኤ.አ በ2022 ሲሆን፣ ጋርሚን ዋና በሚከታተሉ አንዳንድ ሰዓቶቹ ላይ እንዲህ ያለውን ልምምድ ከጨረስክ በኋላ ርቀቱን በእጅህ የምታስገባበት ቦታ ሰጥቷል፡፡ የኋለኛው ደባሪ ቢመስልም ቢያንስ አይዋሽም፡፡

ርዝመት ቀልድ አይደለም

"5 ሜትር ምን ችግር አለው?" የሚል ካለ ሙኒክን ላስታውሰው፡፡ በ1972ቱ ኦሊምፒክ በ400 ሜትር የግል ድብልቅ ቀዘፋ ስዊድናዊው ጉናር ላርሰንና አሜሪካዊው ቲም ማኪ እስከ መቶኛ ሴኮንድ ድረስ እኩል ገቡ፤ 4፡31.98፡፡ ሰዓቱ እስከ ሺህኛ ስለሚያነብ ላርሰን 4፡31.981፣ ማኪ 4፡31.983 ተባለና ወርቁ ለስዊድን ሄደ፡፡ በሁለት ሺህኛ ሴኮንድ! በዚያ ፍጥነት ሲሰላ ልዩነቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፡፡ ሆኖም የ50 ሜትር የውድድር ገንዳ ሲሠራ አንዱ መም ከሌላው እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ ደንቡ ይፈቅዳል፡፡ ማለትም ማኪ በአንድ ጣት የሚበልጥ ርቀት ዋኝቶ ሊሆን ይችላል፤ ማን ያውቃል? ከዚያ ወዲህ ዋና የሚዳኘው በመቶኛ ሴኮንድ ብቻ ነው፡፡ እኩል ከገቡ እኩል ናቸው፡፡ በ2016ቱ ሪዮ በሴቶች 100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ አሜሪካዊቷ ሲሞን ማኑኤልና ካናዳዊቷ ፔኒ ኦሌክሲያክ ሁለቱም 52.70 ገብተው ሁለቱም ወርቅ ወሰዱ፡፡

ሪዮ ከተነሳ የኛው ሮቤል ኪሮስ መነሳቱ አይቀርም፡፡ 100 ሜትሩን በ1፡04.95 ሲጨርስ ዓለም ሳቀበት፤ እኛም ከሳቁት ነበርን፡፡ በዚያ ቅዳሜ የጓደኛዬን ሰዓት አስሬ (ርዝመቱን ካስተካከልን በኋላ) 100 ሜትር ሞከርኩ፡፡ 2 ደቂቃ ከ31 ሴኮንድ፡፡ ያውም በ20 ሜትር ገንዳ አራቴ ግድግዳ ገፍቼ፡፡ ሮቤል የዋኘው በ50 ሜትር ገንዳ ነው፤ የሚገፋው ግድግዳ አንድ ብቻ ነበር፡፡ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሮቤል አልቀልድም፡፡

ወደ ገበያው እንመለስ፡፡ ሰዓት ስትገዙ የመጀመሪያው ጥያቄ "የገንዳውን ርዝመት እኔ መንገር እችላለሁ ወይ?" የሚለው ነው፡፡ 25ና 50 ብቻ የሚያስመርጥ ከሆነ ለውድድር ገንዳ እንጂ ለኛ አይሆንም፡፡ ከተማችን ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ የሆቴል ገንዳዎች ለመዝናኛ እንጂ ለውድድር ታስበው የተሠሩ አይደሉም፡፡ ክብ አለ፣ የኩላሊት ቅርጽ ያለው አለ፡፡ የአዲስ አበባ ሒልተን ገንዳ በላሊበላ መስቀል ቅርጽ የተሠራ ነው፤ ለዓይን ቢያምርም ለሰዓት ግን ፈተና ነው፡፡ ከየትኛው ክንድ ወደ የትኛው እንደምትዋኙ ወስናችሁ ያንኑ ለክታችሁ፣ በዚያው መስመር ብቻ መመላለስ ይኖርባችኋል፡፡ በጣም አጭር የሆነን ገንዳ የማይቀበሉ ሰዓቶችም ስላሉ ከመግዛት በፊት መጠየቅ ነው፡፡

ውሃ አለመግባትና መቁጠር የተለያዩ ናቸው

ሻጩ "ውሃ አይገባውም" ሲል ዋና ይቆጥራል ማለት አይደለም፡፡ ምሳሌ ልስጥ፡፡ ጋርሚን እ.ኤ.አ በ2019 ያወጣው ፎርራነር 45 የተባለ ሰዓት ይዞት ቢዋኙ አይበላሽም፤ የገንዳ ዋና መቁጠሪያ ግን የለውም፡፡ በ2021 የወጣው ተተኪው ፎርራነር 55 ግን ይቆጥራል፡፡ ከሩቅ ሲታዩ መንታ ናቸው፡፡ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ቢቀመጡ በዋጋ ብቻ የሚመርጥ ሰው የትኛውን እንደሚያነሳ ግልጽ ነው፡፡

ከጀርባው የተጻፈውም መነበብ አለበት፡፡ ለዋና የሚሆነው "5 ኤቲኤም" ወይም "50 ሜትር" የሚል ነው፡፡ (ኤቲኤም ሲባል የባንኩ አይደለም፤ የግፊት መለኪያ ነው፡፡) 50 ሜትር ማለት ግን 50 ሜትር ጠልቀህ ግባ ማለት አይደለም፡፡ ሰዓቱ በዚያ ጥልቀት ያለውን ግፊት ሳይንቀሳቀስ ችሏል ማለት ነው፡፡ "3 ኤቲኤም" እጅ ለመታጠብና ለዝናብ ነው፡፡ "አይፒ 68" ብቻ የሚል ካጋጠማችሁ ተጠንቀቁ፤ እሱ ዕቃው በረጋ ንጹህ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ የተፈተነበት ነው፡፡ ክንድ እየተወረወረ ውሃ ሲመታ ያለው ግፊት ሌላ ነው፡፡

አሁን ደግሞ የኛ ሀገር ጉዳይ፡፡ አዲስ ዕቃ ውድ ስለሆነ ብዙዎቻችን የምንገዛው ያገለገለ ነው፤ ወይም ከአሜሪካና ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ነው፡፡ ዘመድ ያመጣው ጥሩ ነው፡፡ ያገለገለ ሰዓት ግን ውሃ የሚከለክለው የውስጥ ማሸጊያው በጊዜ ብዛት ይደክማል፡፡ አፕል ራሱ ይህ ውሃ የመቋቋም ችሎታ ዘላቂ እንዳልሆነና ተመልሶ ሊታሸግ እንደማይችል ይናገራል፡፡ መስታወቱ ተሰብሮ ሰፈር ውስጥ የተቀየረ ሰዓት ከሆነማ ለእርምጃ ቁጠሩበት እንጂ ይዛችሁት ገንዳ አትግቡ፡፡ ሳሙና፣ ሎሽንና የእንፋሎት ክፍልም ማሸጊያውን ይጎዳሉ፡፡ ከዋና በኋላ በንጹህ የቧንቧ ውሃ ማለቅለቅ ግዴታ ነው፤ የገንዳ ክሎሪን ማሰሪያውንም ቆዳችሁንም አይምርም፡፡

ጣት ወይስ ቁልፍ?

እርጥብ ጣትና የሚነካ ስክሪን አይስማሙም፡፡ ውሃ ራሱ ስክሪኑን "ይነካዋል"፡፡ ለዚህ ነው አፕል ዎችም ሆነ ሳምሰንግ ጋላክሲ ዎች ለዋና ሲከፈቱ ስክሪኑን የሚቆልፉት፡፡ አፕል ዎች ሲከፈት ድምጽ እያወጣ በድምጽ ማጉያው ቀዳዳ የገባውን ውሃ ይተፋል፤ መጀመሪያ ሳየው አስቆኝ ነበር፡፡ ጋርሚን በ2019 ለዋና ብሎ ያወጣው ስዊም 2 ግን የሚነካ ስክሪን የለውም፤ አምስት ቁልፎች ናቸው ያሉት፡፡ ግድግዳ ጋ ደርሶ ሲያርፍ አንድ ቁልፍ መጫን፣ ሲነሳ እንደገና መጫን፡፡ ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፡፡ ዕረፍትን ከዋናው የሚለየው ግን እሱ ነው፡፡ የጓደኛዬ ሰዓት ስክሪን ብቻ ስለሆነ መሀል ላይ ማቆም ቢፈልግም አይችልም ነበር፡፡

የልብ ምትን በተመለከተ ብዙ አትጠብቁ፡፡ ሰዓቱ ከስሩ ባለው አረንጓዴ ብርሃን ቆዳ ስር ያለውን ደም እየተከተለ ነው የሚለካው፡፡ ውሃ በቆዳና በሰዓቱ መሀል ሲገባ፣ ክንድ ሲወራጭ፣ ውሃው ቀዝቅዞ የእጅ ደም ሲቀንስ ቁጥሩ ይዘላል፡፡ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ይረዳል እንጂ አይፈታውም፡፡ የልብ ምት የግድ የሚያስፈልገው ሰው በደረት የሚታሰር መለኪያ አለ፤ ነገር ግን ብሉቱዝም ውሃ ውስጥ ስለማያልፍ የጋርሚኑ የዋና ማሰሪያ ምቱን ራሱ ውስጥ አስቀምጦ ከውሃ ሲወጣ ነው ለሰዓቱ የሚያስተላልፈው፡፡ ፖላር በ2021 ያወጣት ቬሪቲ ሴንስ የምትባለው ደግሞ በዋና መነጽር ማሰሪያ ላይ ተሰክታ ከግንባር ጎን ትለካለች፡፡

ሰዓቶቹ "ስዎልፍ" የሚሉት ቁጥርም አለ፤ ስሙ ከዋናና ከጎልፍ የተዳቀለ ነው፡፡ አንድ ጉዞ የፈጀውን ሴኮንድና ያንን ጉዞ ለመጨረስ የተቀዘፈውን ብዛት ይደምራል፡፡ በ28 ሴኮንድና በ12 ቀዘፋ የጨረሰ ሰው 40 ያገኛል፡፡ እንደ ጎልፍ ያነሰው ይሻላል፡፡ ብዙዎቹ ሰዓቱ የታሰረበትን እጅ ብቻ ስለሚቆጥሩ የአንዱን ሰዓት ከሌላው፣ የ20 ሜትርን ገንዳ ከ25ቱ ማወዳደር ትርጉም የለውም፡፡ ራስን ከትናንቱ ራስ ጋር ለማየት ግን ጥሩ ነው፡፡

ታዲያ የትኛውን?

መጀመሪያ ስልካችሁን እዩ፡፡ አፕል ዎች ከአይፎን ውጪ አይሠራም፡፡ ከ2021 ወዲህ የወጡት ጋላክሲ ዎቾች ደግሞ ከአንድሮይድ ውጪ አይሠሩም፡፡ ይህን ሳያዩ ከውጭ አስልከው መሳቢያ ውስጥ የቀበሩ ሰዎች አውቃለሁ፡፡ ጋርሚንና ሻኦሚ ከሁለቱም ጋር ይግባባሉ፡፡ አፕልም ቢሆን ለዋና የሚሆነው ከ2016ቱ ሲሪስ 2 ወዲህ ያለው ነው፤ የ2015ቱ የመጀመሪያው አፕል ዎች ለዋና አልተሠራም፡፡ በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ እንዳትሸወዱ፡፡

ገንዘብ ላጠረው እኔ የምመርጠው የሻኦሚን ቀጭን ባንድ ነው፡፡ ከ2019ኙ ሚ ባንድ 4 ጀምሮ 5 ኤቲኤም ነው፤ የገንዳ ርዝመት ይቀበላል፣ የቀዘፋ ዓይነት ይለያል፣ ስዎልፍም ያወጣል፡፡ ስክሪኑ ትንሽ ናት፣ የዋና ቁልፍም የላትም፤ ቢሆንም ለዋጋዋ ትበቃለች፡፡ ኪሱ ለሚፈቅድና በሳምንት ሦስት ቀን ለሚዋኝ ሰው ግን ቁልፍ ያለው ጋርሚን፡፡ ስልክ ለመመለስና መልእክት ለማንበብም የሚፈልገው ሰው አፕልና ሳምሰንግ ይግዛ፤ ዋናንም በደንብ ይቆጥራሉ፡፡ ስም የሌላቸውን፣ በአንድ ሳጥን ላይ የሁሉንም ብራንድ ሥዕል የለጠፉትን ግን ነጻ ቢሰጧችሁም ገንዳ አታስገቧቸው፡፡

ከመክፈል በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ፡፡ ሻጩን "የዋና መቁጠሪያውን ክፈትና ርዝመቱን 20 አድርግልኝ" በሉት፡፡ ካደረገ ጥሩ፡፡ "ቤት ስትገባ በአፕሊኬሽኑ ይስተካከላል" ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ፡፡ የጓደኛዬን ሰዓት እኛ ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብናል፤ ቦታው የተቀበረው ከአራት ገጽ በኋላ ነበር፡፡ ከዚያ መጀመሪያ ቀን ገንዳ ስትገቡ አሥር ጉዞ በጭንቅላታችሁ ቆጥራችሁ ከሰዓቱ ጋር አስተያዩ፡፡ አሥር ካለ እመኑት፡፡ አሥራ ሁለት ካለ ወይ እናንተ መሀል ላይ ቆማችኋል ወይ እሱ አይረባም፡፡

በሚቀጥለው ማክሰኞ ጠዋት፣ ልጆች ትምህርት ቤት በገቡበት ሰዓት ተመልሰን ሄድን፡፡ ርዝመቱ 20 ተደርጓል፡፡ ጓደኛዬ ግድግዳ ላይ እንጂ መሀል ላይ አልቆመም፡፡ እኔ ደግሞ አዲስ ትኬት፣ አዲስ መስመር፡፡ ሲወጣ ሰዓቱ 40 አለ፤ የኔም ትኬት 40፡፡ 800 ሜትር፡፡

ሰዓቱን አየው፣ ትኬቱን አየው፣ ጉልበቱን ደባበሰው፡፡

"በቃ ለአሰልጣኙ አትንገረው" አለኝ፡፡

"ምኑን?"

"እሁድን ነዋ፡፡"

እሁድ በቀኝ መስመር ሌላ ልጅ ነበር የተሰለፈው፤ 2 ለ 1 ተሸነፍን፣ ሁለቱም ጎሎች የገቡት በዚያው መስመር ነው፡፡ ጓደኛዬ ከዳር ቆሞ ፀጉሩን ሲነጭ ነበር፡፡ ገና 200 ሜትር ይቀረዋል፡፡